መርከብ ሳትሳፈር የውቅያኖስን ወለል የሳለችው ሴት

ወዳጆቼ፣ እስቲ ዛሬ በእጃችሁ ካለው ስልክ እንጀምር። ኢንተርኔት ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ሳተላይት ነው። እውነታው ግን ወዲህ ነው። ከአህጉር ወደ አህጉር የሚመላለሰው መረጃ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚያልፈው በባሕር ወለል ላይ በተዘረጋ ገመድ ውስጥ ነው። እኛ ወደብ ባይኖረንም ኢንተርኔታችን የሚመጣው ከባሕር ነው፤ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ይገባል። ከውጭ አገር ዘመዳችሁ ጋር በቪዲዮ ስታወሩ ፊቱና ድምፁ የሚደርሳችሁ ከዓሣ በታች ተጉዞ ነው። በ2024 መጀመሪያ ላይ ቀይ ባሕር ውስጥ ገመዶች በተበጠሱ ጊዜ የእስያ፣ የአፍሪካና የአውሮፓ ግንኙነት የተስተጓጎለውም ለዚህ ነው።

ታዲያ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ገመዱን የሚዘረጋው ሰው ከታች ምን እንዳለ በምን ያውቃል? ጥልቀቱ በኪሎ ሜትር የሚቆጠር ነው፤ የፀሐይ ብርሃን አይደርስበትም። ሥሩ ሜዳ ይሁን ገደል፣ የረጋ ይሁን የሚንቀጠቀጥ፣ ከላይ ሆኖ የሚያይ ዓይን የለም። የዛሬዋ ባለታሪኬ ዕድሜዋን የሰጠችው ለዚህ ጥያቄ ነው። ማሪ ታርፕ ትባላለች። ምናልባት ስሟን የሰማችሁ ጉግል በኅዳር 2022 የመክፈቻ ገጹን ለእሷ መታሰቢያ ባደረገ ጊዜ ይሆናል። በሥነ ምድር ትምህርት ቤቶች ግን ከዚያ በፊትም የታወቀች ናት። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ የማሪን ታሪክ የምወደው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ያየችውን አላየሽም ሲሏት አልጮኸችም፤ ማስረጃዋን ደርድራ ጠበቀች። ሁለተኛው፣ ጎንበስ ብላ የሳለችው ስንጥቅ መጨረሻው እኛው አገር ውስጥ መሆኑ ነው። ወደዚያ እንደርሳለን፤ መጀመሪያ ከልጅነቷ እንነሳ።

ማሪ ሐምሌ 30 ቀን 1920 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ ይፕሲላንቲ በምትባል ከተማ ተወለደች። አባቷ የግብርና መሥሪያ ቤት ባለሙያ ነበር። ሥራው አፈር ማጥናት ነው። እየዞረ ይቆፍራል፣ አፈሩን በእጁ ፈትጎ ያያል፣ የትኛው መሬት ምን ዓይነት አፈር እንዳለው ካርታ ላይ ያሰፍራል። ገበሬው የትኛው መሬት ለእርሻ፣ የትኛው ለግጦሽ እንደሚሆን የሚያውቀው ከእንዲህ ያለው ካርታ ነው። ማሪም አንዳንድ ጊዜ አብራው ትወጣ ነበር። መሬትን ከመጠቀም በፊት መሬትን ማወቅ የሚለው ነገር እንግዲህ ከቤቷ የወረሰችው ነው ማለት ይቻላል።

የአባቷ ሥራ ግን ቤተሰቡን አንድ ቦታ አያስቀምጥም። ክረምት ወደ ደቡብ፣ በጋ ወደ ሰሜን፤ ዕቃ መጫን፣ ዕቃ ማውረድ። ማሪ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ስትዘዋወር ነው ያደገችው። ጓደኛ አፍርታ ሳትጨርስ ደግሞ ሌላ ከተማ። በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለች እናቷ ሞተችባት። አባቷ የመከራት አንድ ነገር ዕድሜ ልኳን አብሯት ነበር፤ የሕይወት ሥራሽን ስትመርጪ የምትችዪውን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የምትወጂውን ምረጪ ብሏታል።

መምረጡ ግን ቀላል አልነበረም። በዚያ ዘመን ለተማረች ሴት የተከፈቱት በሮች መምህርነት፣ ነርስነትና ጸሐፊነት ነበሩ፤ በቃ። ማሪ በኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛና ሙዚቃ ተምራ በ1943 ተመረቀች። ሳይደግስ አይጣላም እንደሚባለው፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወንዶቹን ከየዩኒቨርሲቲው ጠራርጎ ወሰዳቸው። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የጂኦሎጂ ትምህርት ክፍል ተማሪ አጣ። ሲቸግረው በሩን ለሴቶች ከፈተ። ማሪ ገባች፤ በ1944 ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛ ወጣች።

ከዚያ በኦክላሆማ ግዛት፣ ተልሳ ከተማ፣ አንድ የነዳጅ ኩባንያ ቀጠራት። ግን ምን ዋጋ አለው! ሴት ወደ መስክ አትወጣም ተባለ። ወንዶቹ ድንጋይ ሰብረው፣ ጉድጓድ ለክተው ሲመጡ እሷ ቢሮ ቁጭ ብላ ወረቀት ታደራጃለች። ሌላ ሰው ቢሆን ደመወዙን እየበላ ይቀመጥ ነበር። ማሪ ጎን ለጎን ሒሳብ ተምራ ሌላ ዲግሪ ያዘች። በ1948 ጓዟን ጠቅልላ ኒውዮርክ ገባች።

ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሄዳ ሥራ ጠየቀች። ያነጋገራት ሞሪስ ዩዊንግ ነበር፤ በዘመኑ ባሕርን በማጥናት ስሙ የገነነ የፊዚክስ ሰው። ሙዚቃ፣ እንግሊዝኛ፣ ጂኦሎጂ፣ ሒሳብ የተማረች ሴት ፊቱ ቁጭ ስትል ምን እንደሚያደርጋት ጨነቀው። በመጨረሻ የጠየቃት መሳል ትችል እንደሆነ ነው። እችላለሁ አለች፤ ተቀጠረች። ሥራዋ ለወንዶቹ ተመራማሪዎች ማስላትና መሳል ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ከአንደኛው ጋር ብቻ መሥራት ጀመረች። ብሩስ ሄዘን ይባላል፤ ከአዮዋ ግዛት የመጣ ወጣት ነው፤ በዕድሜ በአራት ዓመት ገደማ ታንሰዋለች እንዳትሉ፣ ታናሿ እሱ ነው። በ1949 ከዩዊንግ ጋር ከሃድሰን ወንዝ ዳር ወዳለው ላሞንት የምርምር ጣቢያ ተዛወሩ።

አሁን ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፤ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ገደል ፊት ቆማችሁ ስትጮኹ ድምፃችሁ ተመልሶ ይመጣል አይደል? የገደል ማሚቶ እንለዋለን። መርከቡም እንደዚያው ያደርጋል። ድምፅ ወደ ታች ይልካል፤ ድምፁ ወለሉን መትቶ ይመለሳል። ድምፅ በባሕር ውኃ ውስጥ በሰከንድ 1 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ማሚቶው በ4 ሰከንድ ከተመለሰ፣ 2 ሰከንድ ለመውረድ፣ 2 ሰከንድ ለመውጣት ነው፤ ስለዚህ ጥልቀቱ 3 ሺህ ሜትር ነው ማለት ነው። መርከቡ እየሄደ ይህን ሲደጋግም ከኋላው አንድ የቁጥር መስመር ይተዋል። መስመሩ ግን ቀጭን ነው። ከመስመሩ ግራና ቀኝ ያለው ሰፊ ባሕር አይታወቅም።

መርከቡ ላይ የሚሄደው ሄዘን ነው። ማሪ አትሄድም፤ ለሴት አይፈቀድም። ሴት የተሳፈረችበት መርከብ ገደ ቢስ ነው የሚባልበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ እሱ ከባሕር ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ እሷ ጠረጴዛዋ ላይ ቁጥሩን ወደ ምስል ትለውጣለች። በሺህ የሚቆጠር የጥልቀት መለኪያ አንድ በአንድ፣ በእርሳስና በማስመሪያ። ኮምፒውተር የለም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት በተግባር ያየሁት በዚህች ሴት ሥራ ነው።

በ1952 ማሪ የሰሜን አትላንቲክን ቁጥሮች ሰብስባ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ባሕሩን የሚያቋርጡ ስድስት መስመሮች ሠራች። እያንዳንዱ መስመር ወለሉን ከጎን ያሳያል፤ ልክ ዳቦ ተቆርጦ መሐሉ እንደሚታየው። ከአትላንቲክ መሐል ላይ ከፍ ያለ ነገር እንዳለ ከመቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ስድስቱን መስመሮች አንዱን ከሌላው በላይ ስትደረድራቸው ግን ከተራራው ይልቅ ዓይኗን የሳበው ሌላ ነገር ነው። በተራራው ሰንሰለት አናት ላይ የተሰነጠቀ ሸለቆ አለ። ተራሮቹ ከመስመር መስመር ይለያያሉ፤ ሸለቆው ግን በየመስመሩ በዚያው ቦታ ይታያል።

ሸለቆ ማለት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ተራራ በአናቱ ላይ እንዲህ ከተሰነጠቀ መሬት እየተከፈተች ነው ማለት ነው። መሬት እየተከፈተች ከሆነ ደግሞ አህጉራት ይንቀሳቀሳሉ ማለት ነው። ይህን ሐሳብ ጀርመናዊው አልፍሬድ ቬግነር በ1912 አቅርቦት ነበር። በ1930 ግሪንላንድ በረዶ ላይ ሲሞት አብዛኛው ሳይንቲስት አልተቀበለውም ነበር። በተለይ አሜሪካ ውስጥ አህጉራት ይንቀሳቀሳሉ የሚል ተመራማሪ መሳቂያ ነው፤ እንጀራውንም ሊያጣ ይችላል።

ማሪ ያየችውን ለሄዘን አሳየችው። ሄዘን አጉረመረመ። የሴት ወሬ ነው ብሎ አጣጣለው፤ አህጉር የሚንሳፈፍበትን ተረት ይመስላል፣ አይሆንም አላት። እዚህ ላይ ቆም እንበል። በሥራ ቦታ፣ በክፍል ውስጥ፣ በቤተሰብ መሐል ሐሳባችሁ ሳይመረመር በማንነታችሁ ብቻ የተጣለባችሁ ብዙ ናችሁ። ማሪ ምን አደረገች? አልተጣላችም፤ ግን አላጠፋችውም። ሸለቆውን ከወረቀቷ ላይ ብትሰርዝ ኖሮ ሰላም ይሆን ነበር። አልሰረዘችም። ሥራዋን ቀጠለች።

እውነቱ የወጣው ባልተጠበቀ በር ነው፤ በስልክ ገመድ። ቤል የሚባለው የስልክ ኩባንያ የምርምር ክፍል አትላንቲክን የሚያቋርጥ ገመድ ለመዘርጋት አስቦ፣ ገመድ የሚበጠስበትና የማይበጠስበት ቦታ የቱ እንደሆነ ማወቅ ፈለገ። ምክንያት ነበረው። በኅዳር 1929 ከካናዳ ጠረፍ ወዲያ ግራንድ ባንክስ የሚባለው አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ፣ የቴሌግራም ገመዶች አንዱ ከሌላው በኋላ በተራ ተበጥሰዋል። ሄዘንና ዩዊንግ በ1952 እንዳስረዱት፣ ገመዶቹን የቆረጠው መንቀጥቀጡ ያስነሳው፣ ቁልቁል የሚወርድ የጭቃና የአሸዋ ጎርፍ ነው።

ስለዚህ ሄዘን በባሕር ሥር የደረሱ የመሬት መንቀጥቀጦች በካርታ ላይ እንዲሰፍሩ አደረገ። ነጥቦቹን የሚያሰፍረው ሃዋርድ ፎስተር የሚባል መስማት የተሳነው የሥነ ጥበብ ምሩቅ ነው። ፎስተር ከማሪ አጠገብ ባለ ጠረጴዛ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ነጥቦችን አንድ በአንድ አስቀመጠ። ሁለቱ ካርታዎች በአንድ መጠን የተሠሩ ስለነበሩ፣ ከሥር መብራት ባለው ጠረጴዛ ላይ አንዱን በሌላው ላይ ማነባበር ተቻለ። ሲነባበሩ የመንቀጥቀጦቹ ነጥቦች ተሰልፈው ማሪ የሳለችው ሸለቆ ውስጥ ገቡ። ሁለት ሰዎች፣ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች፣ አንድ መስመር። ሄዘን ከዚህ በኋላ የሚከራከርበት አልነበረውም። ማሪ ሸለቆውን ካየች አንድ ዓመት ገደማ ሆኗት ነበር።

ከዚያ ነገሩ ሰፋ። መንቀጥቀጦቹ የሚደረደሩበትን መስመር ሲከተሉ ከሰሜን አትላንቲክ ወደ ደቡብ አትላንቲክ፣ ከዚያ አፍሪካን በደቡብ ዞሮ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ፣ ከዚያ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ፣ ከዚያ ወደ ቀይ ባሕር ወሰዳቸው። ዛሬ እንደሚታወቀው ይህ የባሕር ሥር የተራራ ሰንሰለት 65 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ በምድራችን ላይ ከእሱ የሚረዝም የተራራ ሰንሰለት የለም። የቤዝቦል ኳስ ስፌት ኳሱን እንደሚዞረው ምድርን ይዞራታል።

እዚህ ጋ ነው ታሪኩ ወደ እኛ ቤት የሚገባው። ማሪና ሄዘን የባሕር ሥሩ ሸለቆ ምን እንደሆነ ለመረዳት ከውኃ ውጭ የሚታይ አምሳያ ፈለጉ። ያገኙት የምሥራቅ አፍሪካን ስምጥ ሸለቆ ነው። ቅርጹ ይመሳሰላል፤ የመሬት መንቀጥቀጡም አብሮት አለ። ጂኦሎጂስቶች ዛሬ እንደሚያስረዱት የቀይ ባሕር ስንጥቅ፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤ ስንጥቅና የእኛ ስምጥ ሸለቆ የሚገናኙት አፋር ላይ ነው። ሰው በእግሩ ሄዶ ሊያየው የሚችል፣ ውቅያኖስ ሲወለድ የሚታይበት ቦታ በዓለም ላይ ጥቂት ነው፤ አንዱ የእኛ አፋር ነው። ኤርታሌ ማሪ በእርሳስ ከሳለችው የዓለም ስንጥቅ ጋር ዘመዳሞች ናቸው።

ይህ የድሮ ታሪክ አይደለም። በመስከረም 2005 አፋር ውስጥ ዳባሁ በሚባለው አካባቢ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ተሰንጥቆ፣ አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተከፍቷል። ማሪ ያን ጊዜ በሕይወት ነበረች። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ደግሞ በፈንታሌ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የምትኖሩ ሌሊት ከአልጋ ተነስታችሁ ስልካችሁን የከፈታችሁበትን ታስታውሳላችሁ። በአካባቢው ያሉ ወገኖቻችን ቤታቸውን ጥለው ወጥተዋል። ከሥሩ የነበረው ነገር ማሪ ገና በ1950ዎቹ መስመሩን የተከተለችው የመሬት መከፈት ነው።

ወደ ጠረጴዛዋ እንመለስ። ማሪና ሄዘን ካርታውን ለማተም ሲነሱ ሌላ እንቅፋት ገጠማቸው። ጊዜው የቀዝቃዛው ጦርነት ነው፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የጥልቅ ባሕርን ትክክለኛ የጥልቀት ቁጥር ምስጢር አድርጎታል። ቁጥር ያለበት ካርታ ማውጣት አይቻልም። መፍትሔው ቁጥሩን ትቶ መልኩን መሳል ሆነ። ውኃው ቢደርቅና በአውሮፕላን ዝቅ ብለን ብንበር ምን እናያለን? ማሪ ይህን ሳለች፤ ተራራውን፣ ሜዳውን፣ ገደሉን፣ ሸለቆውን በቀለምና በብዕር። የሰሜን አትላንቲክ ካርታ በ1957 ወጣ። ምስጢሩ የደበቀው ቁጥሩን ነው፤ ለተራው ሰው ግን ባሕሩ ለመጀመሪያ ጊዜ መልክ አገኘ።

መረጃ በሌለበት ቦታስ? አንዳንዱን በአካባቢው ካለው ተነስታ ገምታ ሞላችው። ምንም የማይታወቅበት ሰፊ ቦታ ላይ ደግሞ የካርታውን ማብራሪያ ጽሑፍ አሳረፈችበት። ብልህ ዘዴ ነው፤ ያላዩትን አየን ከማለት ይሻላል።

ያም ሆኖ ሁሉም አላመነም። ከማያምኑት አንዱ ፈረንሳዊው የባሕር አሳሽ ዣክ ኩስቶ ነበር። በ1959 ኒውዮርክ ውስጥ ለሚደረገው ዓለም አቀፍ የውቅያኖስ ጉባኤ ካሊፕሶ በምትባለው መርከቡ አትላንቲክን ሲያቋርጥ፣ ሸለቆው የለም ብሎ ለማሳየት ካሜራ ወደ ታች ሰደደ። ካሜራው ሸለቆውን አገኘው፤ ጥቁር ገደሎች በፊልም ላይ ተቀርጸው መጡ። ኩስቶ ፊልሙን በጉባኤው ላይ አሳየ። ሊያፈርስ ሄዶ መሰከረላት። እኔ ኩስቶንም ለዚህ አደንቀዋለሁ፤ የተሳሳተበትን በአደባባይ ማሳየት የሁሉም ሰው ወግ አይደለም።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ የምድር ቅርፊት በየሰሌዳው ተከፋፍሎ እንደሚንቀሳቀስ ሳይንሱ ተቀበለ። ዛሬ በትምህርት ቤት የምትማሩት ይኸው ነው። የሚገርመው ሄዘን ራሱ ይህን ማብራሪያ ለረጅም ጊዜ አልተቀበለም፤ ምድር እንደ ፊኛ እየተነፋች ነው የሚል ሐሳብ ነበረው። ሐሳቡ ወደቀ። ካርታው ግን ቆመ። ማብራሪያ ይቀያየራል፤ በሐቅ የተለካ ነገር ግን ለሚቀጥለው ማብራሪያም ያገለግላል።

ለማሪ ግን ጭብጨባ አልደረሳትም። ሸለቆው ዓለምን እንደሚዞር በ1956 ሲታወጅ በጽሑፉ ላይ የነበረው የዩዊንግና የሄዘን ስም ነው። ከዚያ ደግሞ ሁለቱ ወንዶች ተጣሉ። ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። ዩዊንግ ሄዘንን ከመርከቦቹና ከመረጃው አራቀው፤ ሄዘን የዩኒቨርሲቲ መምህርነት ዋስትና ስለነበረው አልተነካም። ሥራዋን ያጣችው ማሪ ናት። እሷ ግን ቤቷን ቢሮ አደረገችው። ሳውዝ ናያክ በምትባል ከተማ፣ በሃድሰን ወንዝ ዳር ባለው ቤቷ፣ ሄዘን በሚያገኘው የባሕር ኃይል የምርምር ገንዘብ እየተከፈላት መሳሏን ቀጠለች። በመርከብ ወደ ባሕር ለመውጣት የቻለችውም ከ1960ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው፤ ካርታዋ ዓለምን ካስደነቀ በኋላ ማለት ነው።

የመጨረሻው ትልቅ ሥራ ሙሉው የዓለም ውቅያኖስ ካርታ ነው። ቀለሙን የቀባው ሃይንሪኽ ቤራን የሚባል ኦስትሪያዊ የተራራ ሠዓሊ ነበር። ናሽናል ጂኦግራፊክ በ1967 የሕንድ ውቅያኖስን ካርታቸውን በእሱ ሥዕል ካወጣ በኋላ አብረው ቀጥለዋል። የዓለሙ ካርታ በ1977 ተጠናቀቀ። ሄዘን ግን ታትሞ አላየውም። በሰኔ 1977 ከአይስላንድ በስተደቡብ ያንኑ የተራራ ሰንሰለት ለማየት በባሕር ሰርጓጅ መርከብ ወርዶ ሳለ ልቡ ቆመ፤ ዕድሜው 53 ነበር። ዕድሜውን የሰጠለት ቦታ ላይ ሞተ።

ማሪ ከዚያ በኋላ ብዙ ኖረች። በ1983 ከኮሎምቢያ ጡረታ ወጣች፤ ቤቷ ሆና ካርታዎቿን ትሸጥ፣ የሄዘንን ሥራ ታደራጅ ነበር። ዕውቅናው የመጣው ከዘገየ በኋላ ነው። በ1997 የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አራት ታላላቅ የካርታ ባለሙያዎች አንዷ ብሎ አከበራት። በ2001 ከሥራ ያስወጣት ላሞንት ራሱ ሸለማት። ነሐሴ 23 ቀን 2006 በ86 ዓመቷ አረፈች።

እንግዲህ ታሪኳ አለቀ፤ ሥራዋ ግን አላለቀም። ስልካችሁ ላይ ጉግል ኧርዝን ከፍታችሁ ውቅያኖሱን ብታዩ ሁሉም የተለካ ይመስላችኋል። አይደለም። አብዛኛው በሳተላይት የተገመተ ነው። የባሕር ሥር ተራራ በስበቱ ውኃውን ወደራሱ ስለሚስብ ከላይ ያለው ውኃ ትንሽ ያብጣል፤ ሳተላይት ያንን እብጠት ለክቶ ተራራውን ይገምታል። ግምቱ በኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር ብዥታ አለው። ሲቤድ 2030 የሚባል ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት በ2017 ሲጀመር በዘመናዊ መንገድ በዝርዝር የተለካው የውቅያኖስ ወለል 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። በ2025 አጋማሽ 27 በመቶ ደርሷል። የጨረቃንና የማርስን ገጽታ ከራሳችን ባሕር ወለል በተሻለ እናውቃለን።

ታዲያ ምን ቸገረን ትሉ ይሆናል። ሁለት ነገር ላንሳ። በጥር 2005 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከብ ጉዋም ከምትባለው ደሴት በስተደቡብ በሙሉ ፍጥነት እየሄደ በካርታው ላይ በግልጽ ያልነበረ የባሕር ሥር ተራራ መታ፤ አንድ መርከበኛ ሞተ፣ በርካቶች ቆሰሉ። ካርታ ማጣት ሰው ይገድላል። ሁለተኛው ተስፋ የሚሰጥ ነው። በ2002 በኖርዌይ ጠረፍ ሎፎተን አካባቢ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ በቀዝቃዛና ጨለማ ውኃ ውስጥ የሚኖር የኮራል ሪፍ በካርታ ሥራ ተገኘ። ወለል የሚጠርግ የዓሣ መረብ ቢያልፍበት ለሺህ ዓመታት የተገነባው በአንድ ቀን ይፈርስ ነበር። በ2003 በዚያ ቦታ መረቡ ተከለከለ። ዓሣ አስጋሪው ሥራውን አላቆመም፤ የት ማስገርና የት ማለፍ እንዳለበት ብቻ አወቀ። ኖርዌይ ከዚያ ወዲህ ወለሏን በስፋት እያጠናች ነው፤ የት ጭቃ፣ የት አለት፣ የት ሕይወት እንዳለ።

አሁን ደግሞ ትልቁ ጥያቄ ማዕድን ነው። ከባሕር ወለል ላይ ለባትሪ የሚሆኑ ብረቶችን የመልቀም ፉክክር እየተጧጧፈ ነው፤ የስልካችሁም ባትሪ ከእነዚህ ብረቶች ይሠራል። በቀይ ባሕር ጥልቅ ጉድጓዶች ውስጥም በብረት የበለጸገ ጭቃ እንዳለ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። ከየአገሩ ወሰን ውጭ ያለው ወለል ደግሞ በዓለም አቀፉ የባሕር ሕግ የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ሀብት ነው፤ ወደብ ያለውም የሌለውም። ስለዚህ ጉዳዩ የእኛም ነው። ማሪ በሳለችው ዓይነት ስንጥቅ ውስጥ፣ ጋላፓጎስ አጠገብ፣ በ1977 ፍል ውኃ የሚተፉ ጉድጓዶችና ያለ ፀሐይ ብርሃን የሚኖሩ እንስሳት ተገኝተዋል። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሕይወት ይኖራል ብሎ ያሰበ ብዙ አልነበረም። ካልታየው ሦስት አራተኛ ውስጥ ምን እንዳለ ሳናውቅ ማሽን ማውረድ፣ ጨለማ ቤት ገብቶ መጥረቢያ እንደማወዛወዝ ነው የሚመስለኝ።

የማሪ አባት ገበሬው ከማረሱ በፊት አፈሩን አየለት። ማሪ ደግሞ ዓለም ባሕሩን ከመጠቀሙ በፊት ወለሉን አሳየችው። ሁለቱም የተናገሩት አንድ ነገር ነው፤ መጀመሪያ እወቀው፣ ቀጥሎ ተጠቀምበት። እናንተ ጂኦሎጂ፣ ካርታ ሥራ ወይም የኮምፒውተር ትምህርት የምትማሩ ልጆች፣ የአፋር ስንጥቅ በደጃችሁ ነው፤ የቀረው 73 በመቶ ደግሞ የሚለካ ሰው እየጠበቀ ነው። መርከብ ስለሌለን አይመለከተንም አትበሉ። ማሪም ስትጀምር መርከብ አልነበራትም፤ የነበራት ጠረጴዛ፣ እርሳስና የማይሰለች ዓይን ነው።

ቸር እንሰንብት!